እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

«ኤ ሪቨር ረንስ ስሩ ኢት» የተሰኘውን ፊልም ያላየ ሰው እንኳ ምስሉን የሆነ ቦታ አይቶታል። ወንዝ መሃል የቆመ ሰው፣ ከጭንቅላቱ በላይ እንደ ጅራፍ ተጠቅልሎ የሚዘረጋ ረጅም ክር፣ ከጀርባው ጫካና ተራራ። ሮበርት ሬድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ያዘጋጀው ይህ ፊልም ብራድ ፒትን ኮከብ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ለካሜራ ባለሙያው ፊሊፕ ሩስሎም ኦስካር አስገኝቷል። ቴሌግራም ላይ ፊልም የምንለዋወጥ ጓደኞቼ ስለሱ የሚሉት አንድ ነው፦ «ያረጋጋል»። ከቦሌ እስከ አያት ያለውን መንገድ በታክሲ ሰልፍና በጥሩምባ ጨርሶ ቤቱ ለገባ ሰው ውሃና ዛፍ ማየት በእርግጥ ያረጋጋል።

ችግሩ ፊልሙ የተወሰደበት መጽሐፍ ሊያረጋጋን አለመጻፉ ነው። የመጽሐፉ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የምትወደው ሰው ዓይንህ እያየ ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ? መልሱ ደግሞ ደስ አይልም። ፊልሙን ብቻ አይቶ የጨረሰ ሰው ይህን ጥያቄ አላገኘውም ባይ ነኝ።

ጸሐፊው ኖርማን ማክሊን ዕድሜውን ሙሉ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ነው ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ የተቀመጠው። አንድ አሳታሚ ታሪኮቹ ውስጥ ዛፍ አለ በሚል ዓይነት ምክንያት መልሶበታል። በመጨረሻ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 አወጣለት፤ ያኔ 73 ዓመቱ ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። ዘመኑ 1937፣ ቦታው የአሜሪካዋ ሞንታና። የፕሬስባይቴሪያን ቄስ ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ትልቁ ኖርማን አግብቶ ሰክኗል። ታናሹ ፖል ጋዜጠኛ ነው፤ በአካባቢው እሱን የሚያህል ዓሣ አጥማጅ የለም። ይጠጣል፤ ቁማር ይጫወታል፤ ዕዳ አለበት። መጨረሻ ላይ ተደብድቦ ተገድሎ ጥሻ መንገድ ላይ ተጥሎ ይገኛል። በእውነተኛው ሕይወትም የማክሊን ወንድም በ1938 እንዲሁ ተገድሏል። ሽማግሌው ደራሲ ወደ አርባ ዓመት ያህል የተሸከመውን ነው የጻፈው።

ማጥመዱ ታዲያ ለጌጥ የገባ አይደለም። ፍላይ ፊሺንግ የሚባለው እንዲህ ነው፦ መንጠቆው ላይ ላባና ክር ታስሮ ዝንብ ይመስላል። ይህ ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት ስለሌለው እንደ ድንጋይ አይወረወርም። የሚወረወረው ወፈር ያለው ክር ነው፤ ዝንቡ ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ ጉልበት አይሠራም፤ የሚሠራው ምት መጠበቅ ነው። አባትየው ለልጆቹ ውርወራን የሚያስተምራቸው በሜትሮኖም እያስቆጠረ፣ ዘንጉን በሰዓት ፊት ላይ ከ10 እስከ 2 ባለው መካከል ብቻ እያስኬደ ነው። ጸሎትም ማጥመድም በአንድ ሥርዓት። ፖል ግን ካደገ በኋላ ከአባቱ ቆጠራ ይወጣል፤ የራሱን ምት ይፈጥራል። እዚህ ላይ ይመስለኛል የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ያለው። ፖልን ወንዙ ላይ ውብ ያደረገው ቆጠራ አልቀበልም ማለቱ ነው። ከተማ ውስጥ የገደለውም እሱው ነው። አንዱን ነቅለህ ሌላውን ላስቀር ብትል አይሆንም።

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ አንድ ነገር ሲበላሽ ሎጉን ታያለህ፣ ስህተቱ ያለበትን መስመር ታገኛለህ፣ ታስተካክላለህ። ማክሊን የሚፈታተነኝ ለዚህ ነው። የአክስቴ ልጅ ደሞዙን ቤቲንግ ቤት ጨርሶ የሚመጣ ልጅ ነው። ሽማግሌ ተላከበት፤ ጠበል ተወሰደ፤ የሞባይል ባንኩን የይለፍ ቁጥር እናቱ ያዙት። እሁድ ቡና ሲፈላ ደግሞ ከሁላችን በላይ የሚያስቀን እሱ ነው። ፖልም እንደዚያ ነው፤ ሲስቅ አብረኸው ትስቃለህ፣ ስለ ዕዳው ልትጠይቀው ስትል ወሬው አልፏል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የእኛ አባባል ለዚህ መጽሐፍ የተተረተ ይመስላል። ኖርማን ገንዘብም ያቀርባል፤ ከእስር ቤትም ሄዶ ያወጣዋል። ፖል ግን እርዳታውን በምን እጁ እንደሚቀበል አያውቅም፤ ኖርማንም የትኛው የእሱ ክፍል እንደሚያስፈልግ አያውቅም። ሁሉም እውነተኛ ፍቅር አላቸው፤ ፍቅሩ ግን መድኃኒት አልሆነም።

ሬድፎርድ ይህን ጨክኖ አላሳየንም። ዘመኑን ወደ 1920ዎቹ መልሶ ኖርማንን ያላገባ ጎረምሳ አደረገው፤ ሰፊውን ቦታ ለልጅነትና ለፍቅር ጥየቃ ሰጠው። ለተመልካች ይጥማል፤ ግን ዋጋ አስከፍሏል። በመጽሐፉ ኖርማን ትዳር፣ አማትና የሚስት ወንድም ያለው ሰው ነው። ሴቶቹ ያንን ወንድማቸውን ኒልን ዓሣ ይዘኸው ሂድ፣ ምናልባት ይስተካከላል ብለው ይለምኑታል፤ የራሱን ወንድም መርዳት ያቃተው ሰው የሰው ወንድም እንዲረዳ ይታዘዛል። ምጸቱ እዚህ ጋ ነው። ፊልሙ ላይ ኒል መሳቂያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

መጽሐፉም ንጹሕ አይደለም። ኒል የሚናቀው ስለሚዋሽና ስለሚሰክር ብቻ አይደለም፤ በቡና ቆርቆሮ ትል ይዞ ስለሚመጣም ነው። በማክሊን ቤት በትል የሚያጠምድ ሰው ግማሽ ኃጢአተኛ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በማለዳ መረብ ሲጎትቱ ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ለልጆቹ እራት የሚያጠምድ ሰው ስለ ማጥመጃው ውበት የሚጨነቅበት ጊዜ የለውም። የእኛ ተረት ደግሞ ማጥመድን ሥነ ጥበብ አላደረገውም፤ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ ነው ያስጠነቀቀው። የምድሪቱ ጥንታዊ ባለቤቶችም መጽሐፉ ውስጥ የሚታዩት በአብዛኛው በአንዲት የፖል ወዳጅ በኩል ነው፤ እሷንም የምናገኛት እስር ቤት ውስጥ ነው።

ይህን ካነሳን ዓሣውንም እናንሳ። ፊልሙ የሚሸጥልን ያልተነካ ተፈጥሮን ነው። ታሪኩ የሚፈጸምበት ብላክፉት ወንዝ ግን በማዕድን ቁፋሮና በደን ጭፍጨፋ ስለተጎዳ ቀረጻው በአብዛኛው የተካሄደው እንደ ጋላቲን ባሉ ሌሎች ወንዞች ላይ ነው። ብላክፉት ውስጥ ያሉት ቀስተ ደመናና ቡናማ ትራውቶችም ሰው አምጥቶ የለቀቃቸው ናቸው፤ የአገሬው ዝርያ ኩትስሮት የሚባለው ነው።

የእኛም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዲንሾ አጠገብ፣ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትራውት አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው። ኬንያ ደግሞ ያስገቡት የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ነበሩ። ዌብ ወደታች ወርዶ በሶፍ ኡመር ዋሻ የሚያልፈው ወንዝ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የባሌ ተራሮችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ዓለም ያወቀው ለቀይ ቀበሮውና ለደጋ አጋዘኑ ነው። ትራውቱ እንግዳ ነው፤ በመዝናኛ ስም የመጣ እንግዳ።

ዲንሾ ሄዶ ፎቶ የሚነሳ የከተማ ልጅ ይህን ቢያውቅ ጉዞው አይበላሽበትም። ፊልሙን ለሚወዱም እንዲሁ ነው። ውብ የሆነ ነገር ሁሉ ንጹሕ መነሻ የለውም፤ ማክሊን ስለ ወንድሙ ያወቀው ሬድፎርድ ስለ ወንዙ ሊነግረን አልፈለገም።

ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው፦ ከፊልሙ በፊት መጽሐፉን አንብቡ። መቶ ገጽ ገደማ ነው፤ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። ኖርማን ወንድሙን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያጠምድ የሚያይበት ክፍል ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። አባትየው ዳር ተቀምጦ ያያል፤ ፖል ውሃ ውስጥ ነው፤ ሦስቱም ደስ ብሏቸዋል። ምንም አልተስተካከለም። ያቺ ቀን ግን ነበረች፣ ማክሊንም እንዳለች አስቀመጣት። የአክስቴን ልጅ ይዤ መጽሐፉን ላስነብበው አላሰብኩም፤ መጽሐፍ ቤቲንግ አያስተውም። እሁድ ቡና ላይ ግን ስልኬን አጥፍቼ ወሬውን እስከ መጨረሻው መስማት ጀምሬያለሁ።