ከሜይን በፊት

ሲ ቋንቋ ስንማር ፕሮግራም የሚጀምረው ከሜይን ነው ተብለን ነው። ለጀማሪ ይበቃል። በማይክሮኮንትሮለር ላይ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ይዞ ሩቅ አይሄድም፤ ቺፑ ሜይን የሚባል ነገር አያውቅምና። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚፈልገው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ከእነዚያ ሁለት ቁጥሮች ተነሥቶ እስከ ሜይን ያለውን መንገድ የሚጠርገው በአሴምብሊ የሚጻፍ አጭር የማስነሻ ኮድ ነው። በሙያዬ ካነበብኳቸው ኮዶች ሁሉ ይህን ያህል የምወደው የለም፤ እያንዳንዱ መስመር የተጻፈበት ምክንያት አለው፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ደግሞ ከላይ ያለው ሁሉ ይናጋል።

ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተባለውን ቺፕ እንውሰድ። በብዙዎች እጅ የሚገኘው ዓይነት 64 ኪሎባይት ፍላሽና 20 ኪሎባይት ራም አለው። በሄክሳዴሲማል አቆጣጠር ፍላሹ 08000000 ላይ፣ ራሙ 20000000 ላይ ይጀምራል። ለዚህ ቺፕ ተጠናቅሮ ያለቀ ባይናሪ ፋይል ከፍታችሁ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባይቶች ብታዩ እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦ 00 50 00 20፣ ቀጥሎም 45 01 00 08። አራት አራቱ ባይት ከኋላ ወደ ፊት ስለሚነበብ የመጀመሪያው 20005000 ነው። ይህ የራሙ ጫፍ ነው፤ ስታክ ከላይ ወደ ታች ስለሚያድግ መነሻው እዚያ ላይ ይሆናል። ሁለተኛው 08000145 መጀመሪያ የሚሠራውን ኮድ ይጠቁማል። ኮዱ በትክክል የተቀመጠው ግን 08000144 ላይ ነው። ቁጥሩን ጎዶሎ ያደረገችው አንድ፣ የሚፈጸሙት ትዕዛዞች የተምብ ዓይነት መሆናቸውን የምትናገር ምልክት ናት። የቺፑ ፕሮሰሰር ኮርቴክስ-ኤም ከተምብ ሌላ ስለማያውቅ ያቺ አንድ ከተረሳች የመጀመሪያው ትዕዛዝ እንኳ ሳይፈጸም ፕሮሰሰሩ ፎልት ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። ከፈንክሽን ውጭ አንድ ተለዋዋጭ አስቀምጠን መነሻ ዋጋውን 5 አደረግነው እንበል። ያ 5 ቺፑ ጠፍቶ ሳለ የት ነበር? ራም ውስጥ ሊሆን አይችልም፤ የኖረው ፍላሽ ውስጥ ነው። ተለዋዋጩ ግን የሚኖረው ራም ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ያስፈልጋል። ማስነሻ ኮዱ ሊንከሩ ያዘጋጀለትን ሦስት አድራሻዎች፣ ማለትም ከየት፣ ወደ የት፣ እስከ የት የሚሉትን፣ በሬጅስተሮቹ ይይዛል። አራት ባይት ከፍላሽ ያነሣል፤ ራም ላይ ያኖራል፤ መጨረሻው ላይ መድረሱን ያያል፤ ካልደረሰ ይደግማል። ቀጥሎ ያለው ዙር ደግሞ መነሻ ዋጋ ያልተሰጣቸውን እንዲህ ያሉ ተለዋዋጮች በሙሉ ዜሮ ያደርጋል። የሲ መስፈርት እነዚህ ዜሮ ሆነው ይጀምራሉ ብሎ ቃል ገብቷል። ቃሉን የሚፈጽመው ግን ይህ ዙር ነው።

ይህ ዜሮ የማድረጊያ ዙር ቢጎድል የሚከተለው ችግር ከሁሉ ይበልጥ አታላይ ነው። የሪሴት ቁልፍ ሲጫኑ ራም አይጠፋም፤ የነበረው እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ቁልፉን አሥር ጊዜ ብትጫኑት ፕሮግራሙ ያለ እንከን ሊነሣ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ራሙ ውስጥ የሚገኘው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ተለዋዋጮቹም በዘፈቀደ ቁጥር ይጀምራሉ። ስለዚህ ማስነሻ ኮድ የሚፈተነው ቁልፍ በመጫን ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ ቆየት ብሎ በመሰካት ነው። ይኸው የራም ጠባይ ደግሞ ለሚያውቅበት ሀብት ነው። አንዲት ትንሽ የራም ክፍል ሆን ተብሎ ከዜሮ ማድረጊያው ውጭ ትተዋለች፤ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የውድቀቱን ምክንያት እዚያ ይጽፋል፣ ከሪሴት በኋላ ያነበዋል። መሣሪያው ራቅ ያለ ቦታ ለተተከለበት ሰው ይህች ክፍል ብዙ መንገድ ታስቀራለች።

ኮርቴክስ-ኤም ላይ ስታኩን የሚያስተካክለው ሃርድዌሩ ራሱ ስለሆነ ይህን ሁሉ በሲ መጻፍ ይቻላል፤ የሚጽፉም አሉ። እኔ አሴምብሊን እመርጣለሁ። የሲ ኮምፓይለር የሚሠራው ቃሉ ሁሉ ቀድሞ ተፈጽሟል ብሎ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ገና እየተፈጸመ ነው። ለምሳሌ ጂሲሲ ዜሮ የሚያደርገውን ዙር አይቶ ሜምሴት ለተባለው ፈንክሽን ጥሪ ሊለውጠው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ለፍጥነት ሲባል ሜምሴት ራሱ ራም ውስጥ እንዲኖር ከተደረገና ገና ካልተገለበጠ ግን የተጠራው ኮድ በቦታው የለም። አሴምብሊ ከጻፍኩት ውጭ ምንም አይጨምርም።

ቅደም ተከተሉም ቀላል ነገር አይደለም። ሰዓቱንና መሰል ነገሮችን የሚያሰናዳው ሲስተምኢኒት የሚባለው ፈንክሽን በአንዳንድ ማስነሻ ፋይሎች ከግልበጣው በፊት ይጠራል። እዚያ ውስጥ ለተራ ተለዋዋጭ ዋጋ የሰጠ ሰው ያ ዋጋ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ በግልበጣው ወይም በዜሮው ይደመሰስበታል። ኮምፓይለሩ ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ሊኑክስ ላይ ሸክሙ ቀላል ነው። ዳታውን ወደ ቦታው ማምጣትም ሆነ ቀሪውን ዜሮ ማድረግ የከርነሉ ሥራ ነው። በ64 ቢቱ ኤክስ86 ላይ የማስነሻው ኮድ የጥሪዎቹን መጨረሻ ለማመልከት አንድ ሬጅስተር ዜሮ ያደርጋል፤ ስታኩን በ16 ባይት ያስተካክላል፤ የትዕዛዝ መስመሩን ቃላት ይሰበስብና ለሲ ላይብረሪ ያስረክባል። ሜይንን የሚጠራው ላይብረሪው ነው።

በምትሠሩበት ቦርድ ፕሮጀክት ውስጥ ይህ ፋይል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ስታርትአፕ ብሎ ይጀምራል። ርዝመቱ አያስፈራችሁ፤ ብዙው መስመር የኢንተራፕት ስሞች ዝርዝር ነው። አንድ ስም በራሳችሁ ኮድ ላይ ተሳስታችሁ ብትጽፉ ሊንከሩ ሳይቃወም ማለቂያ የሌለው ዙር ይተካበታል፣ ቦርዱም ድርቅ ይላል፤ ስለዚህ ዝርዝሩንም ማወቅ ይጠቅማል። የሚሠራው ክፍል ግን አንድ ገጽ አይሞላም። ፋይሉን ክፈቱት፤ ዲበገሩን የመጀመሪያው ትዕዛዝ ላይ አቁሙና እስከ ሜይን ድረስ አንድ በአንድ ሂዱበት።