የጋሞኛ ድምፅና ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች
ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

ጋሞኛ በጋሞ ዞን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ እንደመሆኑ መጠን፣ ለማስተማሪያ የሚሆን የድምፅ ቅጂ አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም። ቋንቋው በላቲን ፊደል ተጽፎ በመጽሐፍ ቢቀርብም፣ ሕፃናት ትክክለኛውን አነጋገር የሚለዩት በጆሮአቸው ነው። ቀድሞ ይህ ሥራ ቴፕ፣ ካሴትና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን በአርባ ምንጭም ሆነ በጨንቻ የሚገኝ መምህር ኮምፒውተርና ማይክሮፎን ካገኘ፣ ያለ ክፍያ በሚገኙ ፕሮግራሞች ሊያከናውነው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ፕሮግራሞች ጥቅምና ጉድለት ከክፍል ሥራ አንጻር መመዘን ነው።

የፕሮግራሞቹ ባሕርይ

በዚህ ረገድ በሰፊው የሚታወቁት ኦዳሲቲና ቪኤልሲ ናቸው። ኦዳሲቲ ድምፅ ለመቅዳት፣ ለመቁረጥና ለማረም የሚያገለግል ሲሆን፣ ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ ቀርቧል። ቪኤልሲ በፈረንሳይ ከምህንድስና ተማሪዎች ሥራ የመነጨ ማጫወቻ ነው። ብዙ ዓይነት ፋይሎችን መክፈቱና የንግግርን ፍጥነት ለመቀነስ ማስቻሉ በተለይ ለቃል ጽሕፈት ትምህርት ይጠቅማል።

ነጻ የሚለው ቃል ግን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ያለ ዋጋ መገኘት ነው፤ ሁለተኛው የፕሮግራሙን ውስጣዊ አሠራር የመመርመር፣ የመለወጥና የማከፋፈል መብት ነው። የሁለተኛው ፋይዳ እ.ኤ.አ. በ2021 በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት ኦዳሲቲ በሙዝ ግሩፕ ኩባንያ ሥር ከገባ በኋላ የወጣው የግል መረጃ መግለጫ፣ ፕሮግራሙ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የታሰበ አይደለም የሚል ቃል ይዞ ነበር። ብርቱ ተቃውሞ በመነሣቱ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ መግለጫውን አሻሻለ፤ ሌሎች ሠሪዎችም በመብታቸው ተጠቅመው ቴናሲቲ የተባለ አቻ ፕሮግራም አወጡ። በመሆኑም የትምህርት ዕቅድ አውጪ ፕሮግራም ሲመርጥ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ፈቃዱንም ሊያጤን ይገባል።

ዋናው ጉድለት

ያልታመቀ ጥራት ያለው የሁለት መስመር ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲታመቅ ግን ወደ 1 ሜጋባይት ይወርዳል። የ20 ደቂቃ ትምህርት ከ200 ወደ 20 ሜጋባይት ገደማ ዝቅ ስለሚል፣ በእጅ ስልክ ለማዳረስ ምቹ ይሆናል። ይሁን እንጂ ኤምፒ3 መጠኑን የሚቀንሰው ጆሮ አይለየውም ተብሎ የሚገመተውን የድምፅ ክፍል በመጣል ነው። የተጣለው አይመለስም። ኦዳሲቲ የታመቀውን ፋይል ዘርግቶ ካሳረመ በኋላ በኤምፒ3 ሲያወጣው እንደገና ያምቀዋል፤ ሦስት ጊዜ የታረመ ቅጂ ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ኪሳራ ይደርስበታል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው የድምፅ ሥዕል ግን ያው ስለሚመስል፣ መምህሩ ጉዳቱን በዓይኑ ሊያስተውል አይችልም።

ጉዳቱ ለጋሞኛ ቀላል አይደለም። ጋሞኛ እንደ ጠ እና ቀ ያሉ የሚፈነዱ ድምፆች አሉት፤ የአናባቢ መርዘምና ማጠርም ትርጉም ይለያል። ከመጠን ያለፈ እመቃ በተለይ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ፍንዳታ ያደበዝዛል። የዶርዜ ኅብረ ዝማሬም ሌላ ምሳሌ ነው። በየራሳቸው ዜማ የሚሄዱ ድምፆች በአንድነት የሚሰሙበት ይህ ዝማሬ፣ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀድቶት በዲስክ ታትሟል። አንዱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ ማስተማር የሚቻለው ጥራቱ ከተጠበቀ ቅጂ ነው። የሽማግሌ ተረትም ሆነ ዝማሬ በታመቀ ፋይል ብቻ ከተቀመጠ፣ ተናጋሪው ካለፈ በኋላ ጉድለቱን ማረም አይቻልም።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ጉድለቱ በይበልጥ የአጠቃቀም እንጂ የፕሮግራሞቹ አለመኖር አይደለም። መጀመሪያ ድምፁ ሳይታመቅ ይቀዳ፤ ዋናው ቅጂ ድምፅ ሳይጥል መጠን በሚቀንሰው በፍላክ ተጠብቆ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ እርማት ሁሉ ከዚሁ ይነሣ። ኤምፒ3 ለክፍል ሥርጭት ብቻ በመጨረሻ ይውጣ። የኤምፒ3 የፈጠራ መብት ፈቃድ አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ስላበቃ በዚህ በኩል የሚጠየቅ ክፍያ የለም። ለፕሮግራም የማይወጣው ገንዘብ ለማይክሮፎን፣ ለፋይል ማስቀመጫና ለመምህራን ሥልጠና ቢመደብ፣ በየትምህርት ቤቱ የሚዘጋጀው ቅጂ ለሚመጡት ተማሪዎችም የሚያገለግል ይሆናል።