ስለ ጓደኛ ክሕደት፤ በጃፓኖች የሥዕል ፊልም እንደ ታየ

ጃፓኖች «አኒሜ» እያሉ የሚጠሩትን የሥዕል ፊልም ለሕፃናት ማባበያ ብቻ የተሠራ አድርጎ የሚገምተው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ብሎ የሚፈርደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ያላየው ሰው ነው። እኔ ከማስተማር ሥራ ከወጣሁ ወዲህ የልጅ ልጆቼ የሚያዩትን አብሬ ስመለከት፣ በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲመላለስ አገኘሁ፤ ይኸውም የጓደኛ መተማመንና የጓደኛ ክሕደት ነው። የአገራችን ሰው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን የወጋው ሰው ስለ ምን እንደ ወጋ አይነግረንም። ሰው የሚወደውን ጓደኛ አሳልፎ የሚሰጠው ምን አገኛለሁ ብሎ ነው? ወይስ ምን ፈርቶ ነው? ፊልሞቹን የመዘንሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

ወጣቶች ሁሉ የሚያውቁት «ናሩቶ» የተባለው ነው። ኪሺሞቶ ማሳሺ የተባሉት ሠዓሊ ከ1999 እስከ 2014 ድረስ (ዘመኑ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) በ700 ምዕራፍ ሥለው የጨረሱት ታሪክ ነው። ሳሱኬ የሚባለው ልጅ ወገኖቹን የፈጀበትን ወንድሙን ለመበቀል ኀይል ሲፈልግ፣ መንደሩንና ጓደኞቹን ጥሎ ወደ ጠላት ይሄዳል፤ ናሩቶም ሊመልሰው ሲከተለው ይኖራል። በመጨረሻው ጠብ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክንዳቸውን ካጡ በኋላ ይታረቃሉ። የናሩቶን ጽናት አደንቃለሁ። ሆኖም ታሪኩ ከሚገባው በላይ ረዝሟል፤ ደግሞም ሳሱኬ የበደለው ናሩቶን ብቻ እስኪመስል ድረስ የሌሎቹ ጕዳት ተረስቷል። በዚህ ላይ ብዙ አልቈይም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ኢሳያማ ሐጂሜ ከ2009 እስከ 2021 የሣሉት፣ በፊልምም ከ2013 እስከ 2023 የታየው «ሺንጌኪ ኖ ክዮጂን» ነው። ሰው የሚበሉ ግዙፎች ያስጨነቋቸው ሰዎች በታላቅ ቅጥር ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ። ኤረን የሚባለው ወጣት እናቱ የሞተችው ቅጥሩ በፈረሰበት ቀን ነው። ራይነርና በርቶልት ከሚባሉ ሁለት ወጣቶች ጋራ በወታደር ማሠልጠኛ ሦስት ዓመት አብሮ በልቷል፣ አብሮ አድሯል፤ ራይነርም ለሁሉ እንደ ታላቅ ወንድም የሚቈጠር ነበር። በኋላ ግን ቅጥሩን ያፈረሱት እነዚሁ ሁለቱ መሆናቸው ይገለጣል።

የሚገለጥበት አኳኋን ለትያትር ጸሓፊ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ከውጊያ በኋላ በቅጥሩ ራስ ላይ ቆመው ሌሎቹ ስለ ሌላ ጕዳይ ሲነጋገሩ፣ ራይነር ኤረንን ወደ ዳር አድርጎ፣ ስለ ዕለት ሥራ እንደሚነጋገር ሰው በተራ ድምፅ ማንነቱን ይነግረዋል። ተመልካቹ በትክክል ሰማሁ ወይስ አልሰማሁም ብሎ ይጠራጠራል፤ ኤረንም እንደዚሁ ይጠራጠራል። የሚያምኑት ሰው ከዳተኛ መሆኑ ሲነገር ጆሮ ወዲያው አይቀበለውም።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ የማርኮ ነገር ይመጣል። ማርኮ የዋህና ቅን ጓደኛ ነው። ሁለቱ ምስጢራቸውን ሲነጋገሩ በድንገት ስለ ሰማቸው ራይነር ያዘው፤ አኒ የምትባለውም የእነርሱ ባልንጀራ እያለቀሰች ማምለጫ መሣሪያውን ፈታችበት፤ ግዙፉም እንዲበላው ጥለውት ሄዱ። ማርኮ የለመናቸው ገና እንኳ አልተነጋገርንም እያለ ነው። ወዲያውም ራይነር ማርኮ ሲበላ አይቶ፣ ያደረገውን እንዳላደረገ ሁሉ፣ ይህ ልጅ ስለ ምን ይበላል ብሎ ያለቅሳል። አእምሮው ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ገዳይ ነው፣ ሌላው የሟች ወዳጅ ነው፤ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ከዓመታት በኋላ በአንድ ሌሊት በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሳሉ ራይነር ይህን ሁሉ የማርኮ የቅርብ ጓደኛ ለሆነው ለዣን ይነግረዋል፤ ይቅርታ እንዳታደርግልን ብሎም ይለምነዋል። ዣን እስከዚያ ድረስ ራሱን ገዝቶ ነበር፤ ይህን ልመና ሲሰማ ግን ተነሥቶ ይደበድበዋል። ዣን የተቈጣበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነው። ይቅር ማለትና አለማለት የተበዳዩ ሀብት ነው፤ በዳዩ ግን እርሱንም ከእጁ ሊነጥቀው ፈለገ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው። ቢሆንም ደራሲው ለራይነር ምክንያት ሰጥቶታል። ራይነር የተናቀ ሕዝብ ልጅ ነው፤ ወገኖቹ በታጠረ ሰፈር ውስጥ ክንዳቸው ላይ ምልክት አስረው ይኖራሉ፤ ገና ሕፃን ሳለ ወታደር አድርገው ላኩት። ይህን ያህል የሚከብድ ሰበብ ያለውን ከዳተኛ ስናይ እናዝንለታለን፤ እኛ በእርሱ ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር እንላለን። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በኑሮህ ውስጥ ጓደኛህን ከድተህ መንግሥት ያዳንህበት ቀን ይኖራልን? አብዛኛው ክሕደት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሰው ጓደኛውን የሚከዳው ወቀሳ እንዳይደርስበት ነው፤ ከሚስቁት መካከል ለመቅረት ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ መሬት አይቶ ዝም ለማለት ነው። ይህን ትንሹን ክሕደት በትክክል ያሳየኝ ግዙፍም ሰይፍም የሌለበት ፊልም ነው።

ፊልሙ «ኮኤ ኖ ካታቺ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ የድምፅ ቅርጽ ማለት ነው። ኦይማ ዮሺቶኪ የተባሉት ሴት ከ2013 እስከ 2014 በሰባት መጽሐፍ የሣሉትን ያማዳ ናኦኮ በ2016 በኪዮቶ አኒሜሽን ቤት ወደ ፊልም መለሱት። ጃፓኖች በርካታ ልጆች ሆነው አንዱን ማንገላታትን «ኢጂሜ» ይሉታል፤ ነገሩ በአገራቸው ከባድ ሆኖ ከመገኘቱ የተነሣ በ2013 ትምህርት ቤቶችን የሚያስገድድ ልዩ ሕግ አውጥተውበታል። መጽሐፉ በየሳምንቱ መታተም የጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

ታሪኩ ኦጋኪ በምትባል ከተማ ይጀምራል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ኢሺዳ ሾያ ባለበት ክፍል ኒሺሚያ ሾኮ የምትባል መስማት የተሳናት ልጅ ትገባለች። በደብተር እየጻፋችሁ አነጋግሩኝ ብላ ትለምናቸዋለች። መጀመሪያ ይጽፉላታል፤ በኋላ ይሰለቻሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሾፋሉ። ሳሃራ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ የምልክት ቋንቋ እማራለሁ ብላ ብትነሣ እርሷም መሳለቂያ ሆና ትምህርት ቤት መምጣት ተወች። ሾያ ከሁሉ ይብሳል፤ ደብተሯን ወደ ኩሬ ይጥላል፣ የመስሚያ መሣሪያዋን ከጆሮዋ እየነቀለ ይወረውራል፤ አንድ ቀን ጆሮዋ እስኪደማ ድረስ ነቀለው። በአምስት ወር ውስጥ ስምንት መሣሪያ ተሰበረ ወይም ጠፋ። ያን ጊዜ ሺማዳና ሂሮሴ የሚባሉት ወዳጆቹ ከአጠገቡ ሆነው ይስቁ ነበር፤ ኡኤኖ የምትባለውም ልጅ ታግዘው ነበር፤ ካዋይ የምትባለው ደግሞ ፈገግ ትል ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወደ ክፍሉ ገብተው ይህን ያደረገው ማን ነው ብለው በጠየቁ ጊዜ የክፍሉ መምህር ታኬዑቺ ሳይውሉ ሳያድሩ ሾያን በስሙ ጠርተው ቁም አሉት። ልጁ ደንግጦ ሌሎቹም አብረውኝ ነበሩ ቢል ካዋይ አለቀሰች፣ ኡኤኖ ካደች፣ ሺማዳም ካደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾያ በሾኮ ቦታ ተተካ፤ ጓደኞቹ ወደዚያው ኩሬ ገፈተሩት፣ ዴስኩ ላይ ስድብ ጻፉበት። ሁለተኛ ደረጃ በገባ ጊዜም ሺማዳ የኋላ ታሪኩን ለአዲሶቹ ተማሪዎች አወራበት።

ይህን ትዕይንት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። በማስተማር አርባ ዓመት ያህል ስለ ኖርሁ ዓይኔ ከልጆቹ ይልቅ በመምህሩ ላይ ያርፋል። ታኬዑቺ የሚሆነውን ያውቁ ነበር፤ ልጆቹ ሲያሾፉ ያዩ ነበር። ጥፋቱ የክፍሉ ሁሉ ሳለ አንድ ስም ሲጠሩ፣ ለሠላሳ ልጆች መዳኛ መንገድ አሳዩአቸው፤ ልጆቹም መምህራቸው ያሳየውን አደረጉ። እኔ አዳሪ ሆኜ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሲሰበር፣ ጥፋተኛው እስኪነገር ድረስ የሁላችን ራት ይከለከል ነበር። ሁለተኛው ማታ ሳይደርስ አንድ ስም ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚገኘው ዘመድ የማይጠይቀው ልጅ ስም ነበር። እነዚያ መምህራን ደጎች ነበሩ፤ እውነትን የምናስተምር መስሏቸው ነበር። እኛ የተማርነው ግን በራብ ጊዜ ማንን መስጠት እንደሚቻል ነው።

በፊልሙ ላይ የምነቅፈው ይህን ነው። መምህሩ ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ከታሪኩ ይጠፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙን የሚሸከሙት ልጆቹ ብቻ ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ልጆቹ አድገው ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት ሲመለሱ መምህሩን ያገኟቸዋል፤ እርሳቸውም በነገሩ ምንም ያልተጸጸቱ ሆነው ይታያሉ። ሁለት ሰዓት በሚያህል ፊልም ሁሉን ማሳየት እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢሆንም ርችቱና አበባው ሲቀንስ እኒህ ሰው ቢቀሩልኝ እመርጥ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሾያ ማንንም የማያምን ወጣት ሆኗል። ሠዓሊዎቹ ይህን በአንድ ብልሃት አሳይተውታል፤ እርሱ የሚያየው ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ትልቅ የመስቀልያ ምልክት ተለጥፎበታል። የተከዳ ሰው ዓለምን የሚያየው እንዲሁ ነው፤ ፊቶቹ አሉ፣ ግን አይነበቡም። የመጀመሪያው ምልክት ከፊት ላይ የወደቀው በብስክሌት ምክንያት ነው። ናጋትሱካ የሚባል ወፍራምና ወዳጅ የሌለው ተማሪ ብስክሌቱን አንድ ጕልበተኛ ሊወስድበት ሲታገለው፣ ሾያ በዚያ ሲያልፍ ፈንታው የራሱን ብስክሌት ሰጠ። ብስክሌቱ ሳይመለስ ቀረ፤ ናጋትሱካ ግን ፈልጎ ፈልጎ ከእርሻ ውስጥ አግኝቶ አመጣለት። ወዳጅነት ምን እንደ ሆነ ሾያ ሲጠይቀው ናጋትሱካ በትርጕም አልደከመም፤ እጁን ዘረጋለት።

ፊልሙ ሾያን ንጹሕ ተበዳይ አለማድረጉን አደንቃለሁ። አንድ ቀን ካዋይ የራሷ ታሪክ እንዳይገለጥ ፈርታ በክፍሉ ፊት እያለቀሰች የእርሱን ታሪክ ገለጠች፤ ከስድስት ዓመት በፊት ያደረገችውን ያንኑ ደገመች ማለት ነው። ካዋይ ክፉ አይደለችም፤ ራሷን ንጹሕ አድርጋ ከልቧ ታምናለች፤ እንዲህ ያለው ሰው ከጠላት ይልቅ ያስፈራኛል። ኡኤኖ በአንጻሯ ጨካኝ ናት፣ ግን አትዋሽም፤ ሾኮን እንደማትወዳት ፊት ለፊት ትነግራታለች። ሾያ ግን ከካዋይ በኋላ በድልድይ ላይ የተሰበሰቡትን አዲስ ወዳጆቹን አንድ በአንድ በሚያቈስል ቃል ተናግሮ በተናቸው። የተከዳው ሰው እንደገና ከመከዳቱ በፊት ቀድሞ መክዳትን መረጠ። ይህን ያህል የሰውን ጠባይ የመረመረ ትዕይንት በሥጋ ተዋንያን በተሠሩ ፊልሞችም ብዙ አላየሁም።

ስለ ሾኮ የሚነሣ ነቀፌታ አለ፤ ለበደሏት ሁሉ ፈገግ ትላለች፣ ይቅርታም የምትጠይቀው እርሷ ናት፤ ይህ ለአካል ጕዳተኛ ክብር አይሆንም የሚሉ አሉ። እኔም መጀመሪያ ይህን አስቤ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ፈገግታዋን እንደ ቅድስና አላቀረበውም፤ በርችቱ ሌሊት ከቤቷ ሰገነት ላይ ራሷን ልትጥል ስትወጣ፣ ፈገግታው ምን ይሸፍን እንደ ነበር እናያለን። ጠዋት ጠዋት የሾያን ዴስክ ትወለውል የነበረችውም እርሷ እንደ ነበረች ለሾያ የገባው ዘግይቶ ነው። በዚያ ክፍል ያልከዳችው አንዲቱ ልጅ የተበደለችው ናት።

ሾያ እጇን ይዞ ያድናታል፤ ራሱ ግን ከታች ካለው ውኃ ይወድቃል። ብዙ ቀን ሳይነቃ ይተኛል። ከዳነ በኋላ ማን ከውኃው እንዳወጣው ይነገረዋል፤ ያወጡት ሺማዳና ሂሮሴ ናቸው። እነዚያው ወደ ኩሬው የገፈተሩት ልጆች በዚያ ሌሊት በዚያ መንገድ ሲያልፉ አገኙት። «አብሮ የበላን ቅዱስ ዮሐንስ አይሽረውም» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ወደ ልቤ መጣ፤ ግን ፊልሙ ይህን ሊያዜምበት አልፈለገም። ቀደም ሲል ኡኤኖ ልታስታርቃቸው ብላ ሾያን ሺማዳ ወደሚሠራበት የምግብ መሸጫ ወስዳው ነበር፤ ያን ጊዜ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ከውኃ ከወጣ በኋላም ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አላየንም። በመጨረሻው በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ምልክቶቹ ከሰው ሁሉ ፊት ሲረግፉ፣ ሺማዳ በዚያ አልነበረም። ዋናተኛው ከውኃ አውጥቶት ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ሾያም አመሰግናለሁ ሊለው ወደ ሱቁ ሲሄድ አላየነውም።