«ዘጠኙ ገብቶ ነበር!»

እኔ የምለው፣ ይህቺ «ለጥቂት» የምትባል ቃል የስንቱን ኪስ እንዳራቆተች የቆጠረ ሰው አለ? «ለጥቂት አመለጠችኝ»፣ «ለጥቂት ተበላሁ»፣ «አንዷ ባትከዳኝ ኖሮ...» መቼም በሰፊው የተሸነፈ ሰው አፍሮም ቢሆን አርፎ ይቀመጣል። ለጥቂት የተሸነፈ ግን በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

ግንቦት ላይ ለሥራ ወላይታ ሶዶ ሰንብቼ ነበር። አንድ ምሽት፣ ዳሞታ ተራራ ጉሙን ለብሶ ሲጋደም፣ ሰሞኑን ሲያመላልሰኝ ከሰነበተው ባለባጃጅ ልጅ ጋር ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። የቢጠና ልጅ ነው። ሌላ ጊዜ ወሬ የማያልቅበት፣ ያን ቀን ዝም አለ። በኋላ ስልኩን አወጣና «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝማ» አለኝ።

የውርርድ ትኬት ፎቶ ነው። አስር የእግር ኳስ ጨዋታዎች ተደርድረዋል። ዘጠኙ ላይ አረንጓዴ ምልክት፣ አንዱ ላይ ቀይ።

«ዘጠኙ ገብቶ ነበር! እዩት፣ አንድ የማይረባ ጨዋታ አልያዝኩም። ሁሉም ሹር ናቸው። ይኼኛው በጭማሪ ሰዓት ገባበት!»

(«ሹር» ማለት፣ ለማታውቁት፣ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል የተባለ ቡድን ነው። እንግዲህ ጥርጥር የሌለበት ነገር ላይ ለምን ውርርድ እንደሚከፈት የጠየቀ የለም።)

«መቼ ነው ይሄ?»

«ጥር ላይ።»

ልብ በሉ፣ የምናወራው ግንቦት ነው። ልጁ የጥርን ቁስል እስከ ግንቦት በኪሱ ይዞት ይዞራል።

«ስንት አስይዘህ ነበር?»

«አምስት መቶ።» ትንሽ ዝም አለና «የኔ እንኳን አልነበረም» አለ።

ወላይታን የሚያውቅ ሰው ጊፋታን ያውቃል። የዘመን መለወጫቸው ነው፣ መስከረም ላይ ይመጣል። ዝግጅቱ ግን መስከረም ላይ አይጀመርም። ወንዶቹ ለበሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። ባንክ የማያውቃቸው እናቶች ሳንቲም እየለቀሙ ዓመት የሚጠብቁበት አገር ነው። ይሄ ልጅ ደግሞ ለበሬ የሚያዋጡ ስምንት ጓደኛሞች ገንዘብ ያዥ ነው። ታማኝ ነው ተብሎ የተመረጠ! አምስት መቶውን የወሰደው «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ ነው። ዘጠኙ ሲገባማ «ይሄ የኔ ገንዘብ ነበር፣ ተነጠቅሁ» አለ። የተነጠቀውን ለማስመለስ ከጥር እስከ ግንቦት ትኬት ሲቆርጥ አሥራ አራት ሺህ ብር ሄደ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። ልጁ ቁማር ስለተጫወተ ብቻ አይደለም የተጎዳው። የበለጠ የጎዳው «ጠንካራ ይዤ ተበላሁ» የምትለዋ ቂም ናት።

ቂሟ የኛ አገር ብቻ አይደለችም። በውጪው ዓለም በኢንተርኔት ፖከር የሚወዳደሩ ሰዎች ዋና እሮሯቸው ይህችው ነች። ሁለት አስ ይዘው ይጀምራሉ። በጨዋታው ከዚህ የሚበልጥ መነሻ የለም። ያላቸውን ሁሉ ያስይዛሉ፣ አንድ እንቶ ፈንቶ ካርታ የያዘ ሰው መጨረሻ ላይ ቀድሟቸው ይሄዳል። «ተዘረፍኩ!» ይላሉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ሁለት አስ አንድን ተጋጣሚ የሚያሸንፈው ከመቶ 85 ጊዜ ገደማ ነው። ዘጠኝ ተጋጣሚ እስከ መጨረሻው ካርታ ከቆየበት ደግሞ ወደ 31 ይወርዳል። ውድድር ላይ ደግሞ አንዴ ማሸነፍ አይበቃም፣ ደጋግሞ ነው። ጠንካራ ካርታ የሚሰጣችሁ የተሻለ ዕድል እንጂ የተፈረመ ውል አይደለም።

እስቲ የልጁንም ትኬት እናስላው። አስሩ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከመቶ 80 የማሸነፍ ዕድል አላቸው እንበል። ሰማንያ ቀላል አይደለም፣ ፈተና ላይ ቢሆን ያስመሰግናል። አስሩም በአንድ ላይ የመግባታቸው ዕድል ግን ሰማንያው አስር ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከመቶ 11 እንኳን አይሞላም። ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘጠኙ ገብተው አንዱ ብቻ የሚቀርበት ዕድል ከመቶ 27 ገደማ ነው። አያችሁልኝ? «አንዷ በላችኝ» የሚባለው ነገር ከድሉ በሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል! ልጁ በመቶ ዓመት አንዴ የሚደርስ መዓት የደረሰበት መስሎት ነበር። የደረሰበት ግን ትኬቱ አዘውትሮ የሚያደርገው ነገር ነው።

ዋጋውም አለ። ከመቶ 80 ለሚያሸንፍ ቡድን ትክክለኛው ኦድ 1.25 ነው። አወራራጁ 1.20 ቢሰጣችሁ ልዩነቷን ማንም አያያትም። ከመቶ ብር በአማካይ አራት ብር ነች። አስር ጨዋታ ሲደራረብ ግን አራቷ ብር አድጋ ከ33 ብር ትበልጣለች። እንግዲህ ሹር በሹር ላይ በደረባችሁ ቁጥር ትኬታችሁ የጠነከረ ይመስላችኋል፣ እየሳሳ የሚሄደው ግን የእናንተ ድርሻ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ሹር ቢያብር ግን የሚያስረው ያዋጣውን ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ «ሹር የለም» የሚለውን ነገር ከወላይታ ሰው በላይ ማን ሊያስተምር ኖሯል! በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ዲቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከዛማሌክ ጋር ተደለደለ። ዛማሌክ እኮ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ የግብፅ ቡድን ነው። ያኔ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ዛማሌክን «ሹር» ብሎ ይይዝ ነበር። ዲቻ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ግብፅ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ በመለያ ምት ዛማሌክን አሰናበተ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ አርጀንቲና በዓለም ዋንጫ በሳዑዲ አረቢያ 2 ለ 1 ተረታች። ዋንጫውን ግን ያነሳችው እሷው ነች! ጥንካሬዋ ውሸት አልነበረም። ጥንካሬ በብዙ ቀን ነው የሚታየው፣ ለአንድ ቀን ዋስ አይሆንም።

ይህን ለልጁ ስነግረው «ታዲያ ለምን እስካሁን ማንም አልነገረኝም?» አለኝ። አፈርኩ። እኛ ትልልቆቹ ምን ስንል ከረምን? «ቁማር ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው» አልን። ሒሳቡን ግን አላሳየነውም። እኛው ራሳችን በየበዓሉ ሎተሪ ቆርጠን «በአንድ ቁጥር አመለጠችኝ» እያልን ቤተሰብ ስናስቅ አድጓል። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አብሮን አለ። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ደግሞ አጨበጨብን። በር ይታሸጋል፤ ስልክስ? ገንዘቡም ጨዋታውም ኪስ ውስጥ ከገባ ቆየ። ላም አለኝ በሰማይ የምንለው ሰው ድሮ ቀና ብሎ ያይ ነበር፣ ዛሬ አቀርቅሮ ነው።

በማግስቱ ልጁ «አብረውኝ ይሁኑ» ብሎኝ ጓደኞቹ ፊት ቀረበ። ጮኹ፣ ተቆጡ። አንዱ ጭራሽ ሊማታ ተነሳ። በመጨረሻ ባጃጁ ከሚያስገባለት ላይ በየሳምንቱ እየከፈለ እንዲመልስ፣ ገንዘቡን ግን ሌላ ሰው እንዲይዝ ተስማሙ። እስከ ጊፋታ ይሞላ አይሞላ እኔ አላውቅም። ለሌላ ያቃለለው ነገር ግን ለሱ ከብዶታል፤ ገንዘብ ያዥነቱን ነው ያጣው።

ልጁ መቼም ልማድ ነውና፣ በመሀል ስልኩን አውጥቶ «እዩት እስቲ፣ ዘጠኙ እኮ ገብቶ ነበር» አላቸው። ከመካከላቸው በዕድሜ ከፍ የሚለው፣ እግር ኳስም ብዙ የማያይ፣ ፎቶውን ሳያየው መለሰለት።

«ወንድሜ፣ የበሬውን ዘጠኝ እጅ ከፍለህ አንዷን ብታጎድል፣ ገመዱን ማን ያስይዝሃል?»

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፎቶውን ያጥፋው አያጥፋው አልጠየቅሁትም።