ከመቃብር በላይ የሚውለው የማን ስም ነው?

ከመካከላችን አንዱ የአንበሳሜ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ለአያቱ ሙት ዓመት ወደ ደራ ሄዶ ሲመለስ አንድ ነገር አጫወተን። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ የአያቱን መቃብር ለይተው ያሳዩት አክስቱ ናቸው እንጂ በድንጋዩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ከጎኑ ያለውን የድንጋይ ክምር «ይኸስ የማን ነው?» ቢላቸው «እንጃ ልጄ፣ የድሮ ሰው ነው» አሉት። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ «እንጃ» ነው።

በሥነ ጽሑፍ ክርክራችን ስለ ዘላለማዊነት በተነሣ ቁጥር የተዘጋጀች መልስ አለችን፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። ደራሲ አይሞትም፣ ጀግና አይሞትም እያልን እናጨበጭባለን። ለመሆኑ ተረቱ የሚናገረው ስለ ማን ነው? ከአንበሳሜ ብዙም ሳይርቅ በጣና ሐይቅ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አጽም እስከ ዛሬ እዚያ ተጠብቆ ይኖራል። የእነርሱ ስማቸውም አጽማቸውም ከመቃብር በላይ ነው። ግብር ሲገብርላቸው የኖረው የጣና ዳር ገበሬስ? እንጃ።

ሃይማኖት በዚህ ረገድ ከእኛ ከተማሪዎቹ ይልቅ ፍትሐዊ ነው ብንል የሚቆጣን ጓደኛ አይጠፋም፤ ይቆጣ። እርግጥ ሄኖክና ኤልያስ ሞትን ሳይቀምሱ ተወስደዋል፤ ቅዱስ ያሬድም በስሜን ተራሮች ተሰወረ እንጂ ሞተ አይባልም። እነዚህ ጥቂት ምርጦች ናቸው። ትንሣኤ ሙታን ግን የሁሉ ነው፤ ዐፄ ፋሲልም ያ ስም የለሽ ክምር ድንጋይም እኩል ይነሣሉ። በፍትሐቱ ላይ ካህኑ የጓደኛችንን አያት በክርስትና ስማቸው ሲጠሯቸው ጎረቤቱ «እኒህ ደግሞ ማን ናቸው?» ብሎ ነበር አሉ። ሰው የማያውቀው፣ እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቀው ስም ነበራቸው ማለት ነው። ቅር ያለን ተዝካሩ ነው። ለአርባው የተሸጠው በሬ ለእርሻ አልደረሰምና።

ሳይንስስ ምን ይላል? ሊዮናርድ ሄይፍሊክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1961 የሰው ሕዋስ ከአካል ውጭ ሃምሳ ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን እንደሚያቆም አሳየ። እንግዲህ ሞታችን ከውስጣችን ተቆጥሮ ተቀምጧል እንዳንል የነቀርሳ ሕዋስ ይህን ወሰን አያውቅም። ሄንሪዬታ ላክስ የቨርጂኒያ የትምባሆ ገበሬ፣ ጥቁር ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1951 በማኅፀን በር ነቀርሳ በ31 ዓመቷ ሞተች። ሳትጠየቅ ከዕጢዋ የተወሰደው ሕዋስ ግን እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይራባል፤ ለፖሊዮ ክትባት ምርምርም ውሏል። ልብ በሉ፤ ለረጅም ጊዜ በአደባባይ የሚነገረው «ሔለን ሌን» የሚል የሐሰት ስም ነበር። ቤተሰቧ ሃያ ዓመት ያህል ምንም አልሰማም። መቃብሯም እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም፤ ልክ እንደ አንበሳሜው። የኛ ተረት እዚህ ላይ ተገለበጠ። ሥጋዋ ከመቃብር በላይ ሲውል ስሟ ከታች ቀረ። ታሪኳን በሰፊው ያሳወቀው በዚያው ዓመት የታተመው የሬቤካ ስክሉት መጽሐፍ ነው እንጂ ቤተ ሙከራ አይደለም።

ታዲያ የኛ ሥነ ጽሑፍ ለማን ስም ሰጠ? የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንውሰድ። ርእሱ መቃብርን ወሰን ያደርጋል። ጉዱ ካሳ ግን ከነጭራሹ ተወልዶ የማያውቅ፣ መቃብርም የሌለው ሰው ሆኖ ሳለ በየመንደሩ ይኖራል። ፊደል ያልቆጠሩት የጓደኛችን አያት በሬዲዮ ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ሰምተውት ኖሮ፣ ለዳኛ የማይመለስ አንድ ጎረቤታቸውን «ጉዱ ካሳ» ይሉት ነበር። ወጋየሁ ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ድምፁ ግን ዛሬም ይሰማል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ባርኔጣችንን እናነሣለን።

ቅሬታችን ሌላ ቦታ ነው። ደራሲው የፍቅረኞቹን መጨረሻ በእንባ አጥቦ ሲያሳየን፣ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ገበሬዎች ግን እንደ ጎርፍ መጥተው እንደ ጎርፍ ያልፋሉ። ከአበጀ በለው በቀር የስንቱ ስም ትዝ ይለናል? አንብበን ስንጨርስ ስለ ሰብለ ወንጌል አለቀስን፤ ስለ እነርሱ ያለቀሰ ከመካከላችን አንድም አልተገኘም። ጥፋቱ የደራሲው ብቻ ነው አንልም፤ አንድ መጽሐፍ ስንቱን ይሸከማል! እኛ ሐያስያን ተብዬዎቹም ስለ ሰብለና በዛብህ እንጂ ስለ እነዚያ ገበሬዎች ጠይቀን አናውቅም።

ጓደኛችን በመጪው ክረምት ደብተር ይዞ ሊወርድ አስቧል። አክስቱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያ ቅጽር ውስጥ ገና «እንጃ» ያላሏቸው መቃብሮች አሉ።