ሙሽራዋ ስትገባ የሚሰማው ዜማ
ሙሽራዋ ስትገባ ኪቦርዱ የሚያሰማው ማርሽ ከየት እንደ መጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በ1850 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ከበቃው የዋግነር ኦፔራ «ሎኸንግሪን» ነው። በኦፔራው የሚዘመረው ከሠርጉ በኋላ፣ ሙሽሮቹ ወደ ጫጉላ ክፍላቸው ሲገቡ ነው፤ በዚያው ሌሊት መተማመናቸው ይፈርሳል። ይህን ቅር ሳይለን እያስገባን የወሎን አምባሰልና ባቲ «ዓለማዊ» ብለን እንከለክላለን! ቆላስይስ 3፥16 ግን መዝሙርን የሚመዝነው በክርስቶስ ቃል እንጂ በቅኝት አይደለም።

አቀስታ ላይ ጋብቻ ስታስፈጽሙ ከሚመጡት ዘመዶች ብዙዎቹ ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ናቸው። በሚያውቁት ቅኝት የተዘመረውን ምስጋና ጆሮ ይሰጡታል፤ የባዕዱ ማርሽ ወንጌሉንም የባዕድ ያስመስልባቸዋል። በቅድመ ጋብቻ ምክር ጊዜ የመዝሙሮቹን ግጥም ከሙሽሮቹ ጋር አንብቡ። ሙሽራዋን ብቻ የሚያወድሰው ለግብዣው ይቆይ።