ተናጋሪውን ማዳመጥ

ሁለት ናይጄሪያውያን ገጣሚዎች፣ ዎሌ ሾይንካና ጄ. ፒ. ክላርክ፣ «አቢኩ» በሚል አንድ ርእስ ሁለት ግጥም ጽፈዋል። አቢኩ በዮሩባ እምነት እየሞተ ከዚያችው እናት ደጋግሞ የሚወለድ ሕፃን ነው። የዘመናዊውን የአፍሪካ ግጥም ድምፀት መለየት የሚፈልግ ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብብ፤ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

በሾይንካ ግጥም የሚናገረው ሕፃኑ ራሱ ነው። የሚያስሩለትን አምባር፣ የሚያቀርቡለትን ፍየል ሁሉ ይንቃል። በክላርክ ግጥም ተናጋሪው የቤቱ ሰው ነው። ጣሪያችን ያፈሳል፣ ሌሊት የሌሊት ወፍና ጉጉት በክዳኑ ጠርዝ ጥሰው ይገባሉ፣ ቢሆንም ግባና ቅር፣ የእናትህ አካል ደክሟል እያለ ይለምነዋል። ልመናው ውስጥ ሙቀት አለ፤ ድሃ ቢሆንም የሰው ቤት ነው። የሾይንካው ሕፃን ግን ለእናቱ ቅንጣት ሳያዝን ስለሚናገር ሐዘኑ በሙሉ አንባቢው ላይ ይወድቃል።

የበሰለ ግጥም የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ የተናጋሪው ድምፀትና አንባቢው ልብ ውስጥ የሚቀረው ስሜት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ደካማ ገጣሚ ስለ ልቅሶ እያለቀሰ ይጽፋል፤ ለእኛ የሚተወው ነገር የለም። እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ ያሳደገን አንባቢዎች ወርቁን ለማግኘት ስንቸኩል ድምፁን እንዘለዋለን። ስለዚህ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያም ማን ለማን እንደሚናገር መጠየቅ ይበጃል፤ ትርጉሙ አይጠፋም።

የዩጋንዳው ኦኮት ፕቢቴክ በ1966 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው «የላዊኖ ዘፈን» በዚህ መንገድ ሲነበብ ይከፈታል። ላዊኖ የፈረንጅ ወግ የማረከውን ባሏንና አዲሲቱን ሴት ስትተርባቸው ከልብ ያስቃል። ገጾቹ እየገፉ ሲሄዱ ግን የምትናገረው የተናቀች ሚስት መሆኗ እየከበደ ይመጣል። ሳቁ ባይኖር ያ ክብደት አይሰማም ነበር።

ቁጣን መመዘን ከሁሉም ይከብዳል፤ ጩኸት በቀላሉ ጉልበት ይመስላልና። ደቡብ አፍሪካዊው ዴኒስ ብሩተስ ከሮበን ደሴት እስር በኋላ ቀድሞ ይወደው የነበረውን ያጌጠ አጻጻፍ ትቶ፣ ግጥሞቹን ለወንድሙ ሚስት እንደሚላክ ደብዳቤ ጻፋቸው። የደብዳቤ መልክ የሰጣቸው በጽሑፎቹ ላይ እገዳ ተጥሎበት ስለነበር ነው። ስለ እስር ቤቱ ጭካኔ የሚያወራው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነው፤ ቁጣው ግን አንዲት ገጽ ላይ እንኳ አይጠፋም።